የመምህርነት ትምህርት በትንንሽ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀጥል ወይስ ወደ ጥቂቶች ይሰብሰብ?

አወያይ፦ ለዚህ ሳምንት የቀረበው የመከራከሪያ ጥያቄ የሚከተለው ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ትምህርት እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባሉ ጥቂት ተቋማት ብቻ ይሰጥ፣ ወይስ እንደ ደባርቅ፣ እንጅባራና መቅደላ አምባ ባሉ አዳዲስና አነስተኛ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጥ? ተከራካሪዎች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ በግልጽ እንዲጽፉ እጠይቃለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፦ እኔ ይሰብሰብ ከሚሉት ወገን ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዚህ ውጤት ተማሪውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ያስተማርነው እኛ ነንና። ቤተ ሙከራው በወጉ ባልተሟላ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ እጩ፣ በእጁ አንድም ሙከራ ሳይሠራ ተመርቆ ወደ እኔ ትምህርት ቤት ሲመደብ፣ ያንኑ ጉድለት በአንድ ክፍል ለታጨቁ 60 ተማሪዎች ያወርሳል። ኮተቤ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ መሰየሙ ሙያው የራሱ ቤት እንዲኖረው የሚያደርግ መልካም ጅምር ነው። ያለንን ጥቂት ባለሙያና ገንዘብ በየአቅጣጫው ከምንበትን በእንዲህ ያለ ቤት ብናጠራቅመው ይሻላል።

እጩ መምህርት፣ በአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪ፦ የተከበሩ ርእሰ መምህር፣ ስለ ቤተ ሙከራው ያሉት እውነት ስለሆነ አልከራከርዎትም። እኔ ግን ይቀጥል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም የማስተማር ልምምዱ ነው። በትምህርት ክፍላችን 19 ብቻ ስለሆንን መምህራችን የእያንዳንዳችንን የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር ለይቶ ያውቃል። ዘንድሮ ለልምምድ የተመደብኩት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ተማሪዎቹ ጸጥ ብለው ሲያዳምጡኝ ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዝምታቸው የማስተምርበት እንግሊዝኛ ስለራቃቸው እንደሆነ ያስተዋለው ከኋላ ተቀምጦ ይከታተለኝ የነበረው መምህሬ ነው። በማግስቱ እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአማርኛ እንዲነጋገሩበት፣ ከዚያም መልሱን በእንግሊዝኛ እንዲጽፉት አደረግሁ፤ እጅ የሚያወጡት ልጆች ከሁለትና ከሦስት ወደ አሥራ አምስት ከፍ አሉ። እጩዎች ሁሉ በአንድ ከተማ ከተሰበሰቡ ለልምምድ የሚበቃ ክፍልና ከኋላ ተቀምጦ የሚከታተል መምህር ከየት ይገኛል? አንድ ተቆጣጣሪ ሠላሳ እጩ ከተሰጠው ቅጽ ላይ ከመፈረም ያለፈ ሊሠራ አይችልም። ደግሞም ነገ የምመደበው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነውና፣ ከወዲሁ ባውቀው ገና በመጀመሪያው ዓመት ዝውውር ልጠይቅ አልነሣም።

ጡረታ የወጡ የመምህራን አሠልጣኝ፦ ልጄ፣ የተናገርሽው ጉዳይ የቆየ ሥር አለው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዩኔስኮ ድጋፍ በባሕር ዳር የተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት፣ በዛሬ ዓይን ሲታይ ትንሽ ተቋም ነበር። ሆኖም የተቋቋመው የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከገጠሩ ኑሮ ጋር ማስማማት የሚችሉ ባለሙያዎችን ለማፍራት ነበርና፣ ዓላማው ጥርት ያለ ነበር። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ከግቢው ስፋት ይልቅ ወደ ሙያው የሚገባው ሰው ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ሲጀመር፣ እጩው መጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱን ሦስት ዓመት እንዲማር፣ ከዚያም የማስተማር ሙያውን በአንድ ዓመት እንዲጨምርበት ታስቦ ነበር። ሐሳቡን ያወጡት ሰዎች በቅንነት እንዳወጡት አምናለሁ። ነገር ግን ሦስቱን ዓመት መምህር እሆናለሁ ብሎ ያላሰበ ወጣት፣ ሌላ ሥራ ሲያጣ ብቻ በዚያ በር ይገባ ጀመር። ይህንን ችግር በትልልቆቹም በትንንሾቹም ግቢዎች አይቼዋለሁ፤ ሰብስበነውም አይለቀንም።

ርእሰ መምህር፦ መምህር፣ ስለ ፒጂዲቲው እስማማለሁ። ስለ ልምምዱም ከእጩዋ ተምሬአለሁ። በትምህርት ዓይነቱ ዕውቀት ላይ ግን አልለቅም። የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ ቢሆንም፣ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና የሙከራ ሥራን አይመዝንም። ስለዚህ አቋሜን በጥቂቱ አሻሽላለሁ፤ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ እጩዎች ባሉበት ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ፣ ክረምቱን ቤተ ሙከራው ወደተሟላለት ተቋም ሄደው ይሥሩ።

እጩ መምህርት፦ ይህንን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ የኬሚስትሪ ጓደኞቼም ቢሰሙት ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን ለክረምቱ ጉዞ በጀት ሲያዝ የልምምዱ በጀት እንዳይነካ አደራ እላለሁ። ዘንድሮ መምህሬ ሊከታተለኝ ከታቀዱት አራት ቀናት የመጣው በሁለቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱ የቀሩት የመጓጓዣ አበሉ ስላልተለቀቀለት ነው። ቀድሞ የነገርኳችሁ የዝምታ ነገር የታየው ከመጣባቸው ቀናት በአንዱ ነበር።