በሎሚ የምትበራው አምፖል እምቢ አለችን

ጤና ይስጥልኝ፣ የ4ኛ ክፍል መምህር ነኝ። የሳይንስ ሳምንታችን ሰኞ ይጀምራል፤ ልጆቹ በሎሚ መብራት ሊያበሩ ተዘጋጅተዋል፤ ሎሚውንም ከየቤታቸው ያመጡት እነሱ ናቸው። በእያንዳንዱ ሎሚ ዚንክ የተቀባ ምስማርና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሰክተን አራቱን በተከታታይ አገናኘን። መለኪያው 3.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ትንሿን ቀይ የኤልኢዲ (LED) አምፖል ስናያይዝ ግን በጣም ይወርዳል። እግሮቿን አገላብጬ ሞከርኩ፤ ሎሚዎቹንም ጭማቂያቸው እንዲላቀቅ በመዳፌ አሸሁ። አንዲት ተማሪ አምፖሏን በሁለት እጇ ከልላ፣ በጣቶቿ መሃል እያጮለቀች «ትንሽ ያበራች መሰለኝ» አለችኝ። አላበራችም።

ኃይሉ ያነሰው ሽቦው ስለቀጠነ ይሆን? በሰፊ የመዳብ ቁራጭ ልተካው ወይስ ሌላ የአራት ሎሚ ረድፍ ጎን ለጎን ልጨምር? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ እስከ ዓርብ ንገሩኝ፤ እነዚህን ልጆች ባዶ እጃቸውን ወላጆቻቸው ፊት ላቆማቸው አልፈልግም።