ጥቆማ፦ የተፎካካሪን ማስታወቂያ የሚያሳይ ነገር ወይም የሚያይልኝ ሰው፣ ሐዋሳ

ባለሶፋዋ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች። አቶቴ አካባቢ ትንሽ የሶፋ ቤት አለችኝ። ከእኔ ማዶ ያለው ቤት ማስታወቂያ ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር ድቅን ይላል። ደንበኛውም «እዛኛው ጋ በዚህ ዋጋ አይቻለሁ» እያለ ይከራከረኛል። ምን ምን እንደሚያስተዋውቁ ማየት ይቻላል አሉኝ። በምን? በነፃ ነው በክፍያ?

ታቦር ሥር፦ የሜታ አድ ላይብረሪ፣ የፌስቡክ ባለቤት ማስታወቂያዎቹን ለሁሉም የሚያሳይበት ድረ ገጽ። ነፃ ነው። አለቀ።

ነጋዴው፦ ነፃ መሆኑ ነው እኔን የሚያበግነኝ! አንድ ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ «የተፎካካሪህን ምስጢር እናወጣልሃለን» ብሎ 9 ሺህ ብር ተቀበለኝ። ሦስት ሳምንት ጠብቄ 14 ገጽ የቀለም ህትመት ሰጡኝ። ልጄ አየችና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ስክሪንሾት ነው» አለችኝ። እዛው ስልኬ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። አካውንት እንኳን አይጠይቅም!

ማሂ፦ ውይ! ሽፋኑ ሰማያዊ ነው?

ነጋዴው፦ ሰማያዊ! በሽቦ የተጠረዘ!

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ፒያሳ ያሉት ናቸው አይደል?

ነጋዴው፦ አልጠራም አልኩ።

ፈጣን ቡስት፦ የዶላር ካርድ ለሌላችሁ ቡስት (ልጥፋችሁን በክፍያ ማስተዋወቅ) እናደርጋለን። በውስጥ አናግሩን።

የድሮ ደንበኛ፦ ተዉ እባካችሁ። መናኸሪያ አጠገብ ያለው ባነር ቤት ሂጂ እህቴ። አሥር ዓመት ደንበኛቸው ነኝ። ባነር ስቀዪ፣ ያልፍልሻል።

ታቦር ሥር፦ የጠየቀችው የሰው ማስታወቂያ እንዴት ልይ ነው። ባነርማ ቀና ብሎ ማየት ነው፣ ላይብረሪ አይፈልግም።

የድሮ ደንበኛ፦ የእነሱን ጥራት ስለማታውቅ ነው።

አሞራ ገደል፦ ቆይ፣ እኔ ላስረዳሽ። ጉግል ላይ «ሜታ አድ ላይብረሪ» ብለሽ ፈልጊ። አገሩን ኢትዮጵያ፣ ዓይነቱን «ሁሉም ማስታወቂያ» አድርጊ። ከዛ የገጻቸውን ስም ጻፊ። «ሶፋ» ብለሽም ሞክሪ፣ በአማርኛም በላቲን ፊደልም። አሁን የሚሄዱት ሁሉ ይመጣሉ፣ ፌስቡክም ኢንስታግራምም። የተጀመረበትን ቀን እይ፤ ዋናው እሱ ነው። አንዱ ሦስት ወር ሙሉ ከሄደ ሳይሸጥላቸው አይቀርም። ወይም ባለቤቱ ገንዘብ ተርፎታል 😄 ስንት ብር እንዳወጡ ግን አታገኚም። ወጪ የሚታየው ለፖለቲካና ለማኅበራዊ ጉዳይ ማስታወቂያ ነው እንጂ ለሶፋ አይደለም። ሲያቆሙት ደግሞ ከዝርዝሩ ይጠፋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሺ። ገጹ ላይ ዝም ብለው የሚለጥፉት፣ ብር ያልከፈሉበት፣ እዛ አይወጣም።

ባለሶፋዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቲክቶክስ?

አሞራ ገደል፦ የቲክቶኩ ላይብረሪ የሚያሳየው የአውሮፓን ነው። ለሐሳብ ያህል «ክሪኤቲቭ ሴንተር» የሚሉትን፣ ቲክቶክ ጥሩ የሄዱ ማስታወቂያዎችን የሚያሳይበትን ገጽ እይ። ጉግልም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሱ አለው፣ ግን የሐዋሳ ሶፋ ቤት ጉግል ላይ ሲያስተዋውቅ አላየሁም።

ማሂ፦ ነጋዴው፣ የእኔም ቆጠርኩት። 14 ገጽ።

ባለሶፋዋ፦ ከፈትኩት። ስድስት ማስታወቂያ አላቸው። አንዱ ላይ ያለው ግራጫ ኤል ሼፕ የእኔ ሶፋ ነው! ፎቶውን ከቴሌግራም ቻናሌ ነው ያነሱት። መጋረጃው ራሱ የእኔ ነው!

ታቦር ሥር፦ 😂😂 ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?

አሞራ ገደል፦ ማስታወቂያው ላይ ሦስቷን ነጥብ ንኪና ሪፖርት አድርጊ። የራስሽን ፎቶ ከነቀኑ ያዢ።

የድሮ ደንበኛ፦ ባነር ቢሆን ማንም አይሰርቅሽም ነበር።

ዝም ብዬ አንባቢ፦ ባለሶፋዋ፣ ግራጫው ስንት ነው?

ማሂ፦ ነጋዴው፣ በውስጥ ጽፌልሃለሁ። አንድ ላይ ሄደን ብራችንን እንጠይቅ።