ከጉብኝት ያመጣሁት የጽጌረዳ ቁራጭ ሥር አልሰድ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ። አበባ በመትከል ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ እለምናችኋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት በገጠር የሚገኝ አንድ የግል የአበባ ቦታ ለጎብኚዎች ክፍት በሆነበት ቀን ሄጄ ነበር። በሩ የሚከፈተው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን የመግቢያው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ይውላል። (በእንግሊዝና በዌልስም ብዙ የግል የአበባ ቦታዎች በ1927 እ.ኤ.አ. በራቸውን የከፈቱት ለነርሶች አገልግሎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር።) ከግንቡ ጥግ አንዲት ያረጀች ጽጌረዳ አየሁ። ግንዷ የእጅ አንጓ ያህል ወፍሯል፤ አበባዋ ፈዛዛ ሮዝ፣ መዓዛዋ ከአሥር እርምጃ የሚጣራ። ቆሜ ቀረሁ። ባለቤቲቱ እናታቸው የተከሏት መሆኗን ነገሩኝና፣ ሳልጠይቃቸው ሦስት ቁራጭ በመቀስ ቆርጠው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ቁራጮቹን 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጌ፣ ልክ ቅጠል ከሚወጣበት አንጓ በታች ቆርጬ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተከልኋቸው፤ በላስቲክም ሸፈንኋቸው። ሁለቱ ከታች ጀምረው ጠቆሩ። ሦስተኛው ሁለት ቀያይ ቅጠሎች አወጣ፤ በቀስታ ስስበው ግን ይላላል፣ ሥር የለውም። ቁራጭ በግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ምግብ ብቻ ለጊዜው ሊያቆጠቁጥ እንደሚችል ስለማውቅ በቅጠሉ መጽናናት አልቻልሁም።

ላስቲኩን ላንሳ ወይስ ይቆይ? ውሃ አብዝቼበት ይሆን? ነቅዬ ከታች እንደገና ብቆርጠው ይተርፋል? ደግሞስ ለባለቤቲቱ ደብዳቤ ጽፌ ሌላ ቁራጭ ብለምናቸው ነውር ይሆንብኛል? በዕድሜ ገፍተዋል፤ በሩ እንደገና እስኪከፈት ደግሞ አንድ ዓመት ያህል ይቀራል። እባካችሁ፣ ይህችም ሳትጠቁር መላ በሉኝ።