የወረቀት ሳህኖቻችን ሻገቱ! ቅዳሜ ወላጆች ይመጣሉ፣ ምን ላድርግ?

የጅማዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እሁድ ዕለት ከሰፈር ልጆች ጋር ከአሮጌ ጋዜጣና ከደብተር ወረቀት 24 ሳህን ሠርተን ነበር። የቁልፍ ማስቀመጫ፣ የፈንድሻ ማቅረቢያ እንዲሆን ብለን ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አንዱም አልደረቀም። ጠዋት ስገልጣቸው ሽታው ፊቴን መታኝ። አራቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጥቷል። ልጆቹ ቀለም እንቀባለን ብለው በየቀኑ በሬን ያንኳኳሉ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም። የሐምሌን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በምን ላድርቃቸው?

ሰፌድ ሰፊዋ፦
ቪናቪል፣ ነጩን የእንጨት ሙጫ፣ ቀቢበት እህቴ። አንድ እጅ ቪናቪል፣ አንድ እጅ ውሃ። ያጠነክረዋል።

መምህሩ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። ያጣበቃችሁት በዱቄት ሙጫ መሆን አለበት። ዱቄት ለሻጋታ ቀለቡ ነው። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሙጫው በደንብ መብሰል አለበት፣ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ጨው ጣል ይደረግበታል፤ ቅርንፉድ አፍልቶ ውሃውን መጨመርም ጥሩ ነው። ወረቀቱም በአንድ ቀን ስምንት ድርብ አይለጠፍም። ሁለት ወይም ሦስት ለጥፎ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀጠል ነው። ይህ ለሚቀጥለው ጊዜ ይጠቅማል።

የጅማዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔን የያዘኝ የዛሬው ነው።

ልዋጭ፦
መጀመሪያውኑ በክረምት ወረቀት ለምን? ጅማ ውስጥ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ! እሱ አይሻግትም። ቆርጣችሁ የአበባ መትከያ ብታደርጉት ቅዳሜን ያለ ጭንቀት ታሳልፊ ነበር።

የጅማዋ፦
ወንድሜ፣ ልጆቹ ስድስትና ሰባት ዓመታቸው ነው። የተቆረጠ ፕላስቲክ እጅ ይቆርጣል። ደግሞ ፕላስቲኩንስ ቆራሌው ይወስደዋል፤ በየጓሮው የሚቃጠለው ወረቀቱ ነው። ልጆቹ ይህንን እንዲያዩ ነው የፈለግሁት።

አባ ዝናቡ፦
አይዞሽ፣ ባቄላ ዝሪበት፤ እስከ ቅዳሜ ይበቅላል! የኔም ጫማ አልጋ ሥር ሻግቶ ነው ያገኘሁት። የምሬን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ለማድረቅ ብለሽ ከሰል አቀጣጥለሽ ቤት እንዳትዘጊ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ልጆችም ገባ ወጣ ይላሉ።

ቡና አድራቂ፦
ሳህኖቹ አሁን በምን ላይ ናቸው?

የጅማዋ፦
በለጠፍንበት ፕላስቲክ ሳህን ጀርባ ላይ ነዋ። ሳይደርቅ እንዴት ይላቀቃል? ማታ ማታ ደግሞ ፍንጣሪ እንዳይነካቸው በፌስታል እሸፍናቸዋለሁ።

ቡና አድራቂ፦
ችግሩ እሱ ነው እህቴ። ከሥር ፕላስቲክ፣ ከላይ ፌስታል፤ ውሃው በየት ይውጣ? እኛ ቡና የምናሰጣው በሽቦ አልጋ ላይ ነው፤ ከሥርም ነፋስ እንዲያገኝ። እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ እናገላብጠዋለን። ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል።

የሻገቱትን አራቱን ጣያቸው። በብሩሽ አታራግፊ፣ ብናኙ ለልጆች ደረት ጥሩ አይደለም። የቀሩትን ጠርዛቸውን በቢላዋ ደንደስ ዙሪያውን ቀስ እያልሽ አላቂቸው። ቅርጻቸው እንዳይጣመም ደረቅ ጋዜጣ አጨማትረሽ ውስጣቸው ክተቺ፤ ሲረጥብ ቀይሪው። ከዚያ ወንፊት ላይ ድፊያቸው። በእንጨት የሚነድ ምጣድ ያለው ጎረቤት ካለሽ፣ ጋግረው ሲጨርሱ እሳቱ ይውጣና በቀረው ሙቀት ከምጣዱ ከፍ አድርገሽ አቆያቸው። በየግማሽ ሰዓቱ አገላብጪ። መድረቁን ለማወቅ ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው፤ ከቀዘቀዘሽ ገና ነው።

ሰፌድ ሰፊዋ፦
ቪናቪሉንም አትርሺ። ሁለት ጊዜ ቀቢው።

ቡና አድራቂ፦
እሱ ከደረቀ በኋላ ነው! አሁን ከተቀባ ውሃውን ውስጥ ያሽግበታል። ቀለሙም እንደዚያው።

እናት ጓዳ፦
ፈንድሻውን ግን ተዉት። የጋዜጣ ቀለም ከምግብ ጋር መነካካት የለበትም። ለቁልፍና ለአዝራር ይሁን። ምጣድ ከፈለግሽ፣ ሰፈራችን አንድ ከሆነ ነገ ጠዋት እጋግራለሁ፤ ነይ።

የጅማዋ፦
እናቴ፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ። እስካሁን ስድስቱን አላቀቅሁ። ልክ ነህ ወንድሜ፣ ውስጣቸው ገና ጭቃ ነው፤ ላዩ ብቻ ነው የደረቀ የመሰለኝ። የአንዱ ውስጥ የሒሳብ ደብተር ወረቀት ነው፤ «ጎበዝ» የሚለው የመምህሯ ቀይ ጽሑፍ እንዳለ ይነበባል። እሱን ቀለም አልቀባውም፣ ባለቤቱ ያየዋል። አንዱ ግን ሳወጣው ለሁለት ተሰነጠቀ። እርጥቡን እንዳለ ልለጥፈው ወይስ እስኪደርቅ ልጠብቅ?