«ላብ ካልወጣ ስብ አይወጣም» ነው የተባለ?

የቁስቋሟ፦ ዛሬ ጠዋት እዚሁ ጎንደር ማስ ስፖርት ላይ አሰልጣኙ በማይክ ምን አለ መሰላችሁ? «ዳይት የያዛችሁም ብትሆኑ ላብ ካልወጣ ስብ አይወጣም፤ ሩጡ!» አጠገቤ የነበረች እናት ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ዓይኗ ጨለመባትና አስፋልት ላይ ቁጭ አለች። ሦስት ሳምንት በቀን አንዴ ብቻ ስትበላ እንደከረመች የነገረችን ከዚያ በኋላ ነው። ስፖርት ካቆመች ደግሞ ዓመት አልፏታል። እንዲህ ያለ ሰው በአንዴ ሩጥ ይባላል?

ሳሙና በር፦ አንድ ሰው ቁጭ ስላለ አሰልጣኙ ይሰቀል? ልጁ ስንቱን ቦርጫም ከሻይ ቤት ወንበር ነቅሎ አስነስቷል። ላብ የሌለው ስፖርት ምኑ ስፖርት ነው?

የቁስቋሟ፦ ላብ ውኃ ነው ወንድሜ። ስንጠጣ ተመልሶ ይገባል። የተቃጠለ ስብ አብዛኛው የሚወጣ በትንፋሽ ነው።

ሳሙና በር፦ በትንፋሽ! በሉ እንግዲህ ተጋድመን እንተንፍስ።

ነርሷ፦ ቀልዱ ይቆየንና፣ ምግብ የቀነሰ ሰው መጀመሪያ ሳምንት ላይ የሚቀንሰው ኪሎ አብዛኛው ውኃ ነው። ጡንቻና ጉበት ያስቀመጡት ስኳር ሲያልቅ አብሮት የተያዘው ውኃ ይሄዳል። በዚያ ላይ ላብ ስትጨምርበት ግፊት ይወርዳል፣ ማዞር ይመጣል። ስኳር ያለበት ሰውማ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን እየወሰደ ምግብ ቀንሶ ቢሮጥ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ቀድሞ ሐኪሙን አማክሮ የመድኃኒቱን መጠን ማስተካከል አለበት። ሌላው 10 ወይም 15 ደቂቃ ሜዳ ለሜዳ እየተጨዋወተ ይራመድ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምር። በሳምንት 150 ደቂቃ ስፖርት የሚባለው ቀስ ተብሎ የሚደረስበት እንጂ የመጀመሪያው እሑድ ግዳጅ አይደለም።

ጎሃ ሥር፦ ሜዳ ለሜዳ? ጎንደር ላይ? እኔ ከፒያሳ ቤቴ ስገባ ብቻ ጂም ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ አዘዞ ና፣ ሜዳ እንሰጥሃለን።

ጎሃ ሥር፦ በእግሬ ለመሄድ የባጃጅ ልክፈል?

የአራዳው አዛውንት፦ እኔ 61 ዓመቴ ነው። የሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን አልወደቅሁም። የዛሬ ልጅ ከራበው ሆስፒታል ነው።

የቁስቋሟ፦ አባባ፣ እርስዎ መራመዱን አቋርጠውት አያውቁም። የምናወራው አቁሞ ስለሚመለስ ሰው ነው።

ማራኪ፦ ቆይ፣ ጾም መቼ ዳይት ሆነ? ጾምን ከኪሎ ጋር አታነካኩ!

ጎሃ ሥር፦ ማን አነካካ? ደግሞ በጾም የከሳ ሰው አላየሁም፤ ሽሮው ዘይት ላይ ይዋኛል።

ነርሷ፦ እሱስ እውነት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ቀንሱ ስንል ግን ሰዉ ዘይቱን ትቶ ምስሩንና ሽሮውን ይቀንሳል፤ ያኔ ከስቡ ጋር ጡንቻው ይሄዳል። በሳምንት ሁለቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ራሱ ጡንቻውን ያግዘዋል።

ማራኪ፦ የእናቴን ሽሮ የነካ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ሳሙና በር፦ ይኸው! ቁጭ ብድግ አለች። ልጁም ያለው እሱን ነው።

የቁስቋሟ፦ ልጁ ያለው «ሩጡ» ነው! በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሳሙና በር፦ ማይኩ ይንተባተብ ነበር፤ ምን ሰማሽ? እሑድ መጥተሽ ፊት ለፊት ንገሪው።

የቁስቋሟ፦ እመጣለሁ። ያቺን እናትም ይዣት ነው የምመጣ፣ ቁርሷን አብልቼ።

የአራዳው አዛውንት፦ ቁርስ በልቶ ስፖርት? ጉድ ነው።

ሳሙና በር፦ ላብ አይወጣትም እንግዲህ።