ሚኒባስን መኖሪያ አድርጎ ከጅማ እየተነሡ በየመንገዱ መኖር ይቻላልን?

ጠያቂ፦ የጊንጆው ተከራይ

የተከበራችሁ አባላት፣ የምኖረው ጅማ ከተማ ጊንጆ አካባቢ ነው። መተዳደሪያዬ የመጻሕፍትና የመጽሔት ገጽ ማቀናበር ሲሆን ሥራው የሚመጣውም የሚሄደውም በኢንተርኔት ስለሆነ፣ መብራትና ኔትወርክ እስካገኘሁ ድረስ የትም ተቀምጬ ልሠራው እችላለሁ። ትዳር አልያዝኩም፤ ከአንድ የኪራይ ቤትና ከጥቂት የቤት ዕቃ በስተቀር አንድ ቦታ የሚያስረኝ ነገር የለም። የቤት ኪራዩ በየጊዜው እየጨመረ ሲመጣ፣ በዚሁ ገንዘብ ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዝቼ አልጋ፣ የመሥሪያ ጠረጴዛና ትንሽ ማብሰያ አስገጥሜ መኪናውን ቤቴ ላደርገው አሰብኩ።

ያሰብኩት አካሄድ በወቅት የተከፋፈለ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ በአጋሮና በጎማ በኩል እቆያለሁ፤ በበጋው በሸቤና በበለጠ ደን አድርጌ ወደ ቦንጋ፣ ከተመቸም እስከ ሚዛን እወርዳለሁ፤ ክረምቱ ሲከብድ ወደ ጅማ እመለሳለሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ በዚህ ዓይነት የሚኖሩ ሰዎችን በቪዲዮ አያለሁ፤ የሚያሳዩን ግን በአብዛኛው ፀሐይ ስትወጣ የተከፈተውን የኋላ በር ነው እንጂ፣ ማታ ማን አስፈቅዷቸው እንደቆሙ፣ የቆሸሸውን ውኃ የት እንደሚደፉ አያሳዩም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ያልታየው ነው። በእኛ መንገዶች ላይ ሌሊት የት ማደር ይቻላል? የሕዝብ ማመላለሻ የነበረን መኪና ወደ መኖሪያ መለወጥን ሕጉ ይፈቅዳልን? የጅማ ዝናብ ባለበት አገር የፀሐይ ኃይል ያስተማምናልን? የኪራይ ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላስ የነዋሪነት መታወቂያዬ በየትኛው አድራሻ ይታደሳል? እናቴ ነገሩን ስነግራት «ቤት አጥቶ መኪና ውስጥ ያድራል ሊሉህ ነው» ብላ ተቆጥታለችና፣ መልሳችሁን ለእሷም አነብላታለሁ።

መልስ፦ ጡረተኛው ሾፌር

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭነት መኪና ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በወልቂጤና በግቤ በረሃ አድርጌ ጅማ፣ ከዚያም በአጋሮ በኩል በደሌና መቱ፣ አንዳንዴም ጋምቤላ ድረስ ተመላልሻለሁ። ስለዚህ በመኪና መኖር ይቻላል ወይ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ይቻላል፤ የዚህ አገር ከባድ መኪና ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው እየኖሩት ነው። ነገር ግን በእኛና በአንተ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ መንገድ ዳር ቆሞ ሲታይ፣ ወይ ጎማ ፈንድቶበታል ወይ መሽቶበታል ተብሎ ይታለፋል፤ ሥራው ራሱ ይመሰክርለታል። መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ ሚኒባስ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲቆም ግን የአካባቢው ሰው ምን እንደያዘ፣ ማንን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ሚሊሻው መጥቶ ቢያንኳኳብህ አትፍረድበት፤ እኔም በሠፈሬ እንዲህ ያለ መኪና ባይ አንኳኳለሁ።

አገራችን የመሸበትን መንገደኛ ታስተናግዳለች። የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ ለቆመ ሰው ቤት የእግዚአብሔር ነው ይባላል፣ እግሩም ይታጠባል። ይህ ግን ለአንድ ሌሊት የተሠራ ወግ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት የሚባለውን ሰምተህ ይሆናል፤ አንተ ደግሞ ያሰብከው በአንድ ቦታ ሳምንታት መቆየት ነው። ስለዚህ በየሜዳው የማደር ሐሳብህን ተወውና በየከተማው አንድ አንድ ግቢ አበጅ። በአጋሮም፣ በሸቤም፣ በቦንጋም ጭነት መኪና የሚያሳድሩ፣ ዘበኛና መጸዳጃ ያላቸው የሆቴልና የፔንሲዮን ግቢዎች ታገኛለህ። መጀመሪያ በሄድክ ጊዜ አልጋ ይዘህ እደር፣ እዚያው ብላ፣ ከባለቤቱ ጋር ተዋወቅ፤ በሚቀጥለው ስትመጣ በመኪናህ ውስጥ ለማደር ብትጠይቅ ማን እንደሆንክ ይታወቃል። ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት የምትደርስበትን እንጂ በጨለማ የምትገባበትን ከተማ አትምረጥ፤ በሌሊት መንዳት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ከመነሣትህ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ የዚያኑ ዕለት ከዚያ አቅጣጫ የመጡ ሾፌሮችን መናኸሪያ ሄደህ ጠይቅ፤ ከእነሱ የተሻለ ዜና የሚያቀብልህ የለም።

ግቤ በረሃና ጎጀብ ወንዝ አጠገብ አትደር። ቦታው ሞቃት ነው፣ ወባ አለበት፤ በግቤ ሸለቆ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብም በቀን ይናደፋል። ጅማ ራሷም ከወባ ነፃ ስላልሆነች አጎበሩን ከፍራሹ ጋር አብረህ ግዛ። ኦሮምኛህን እንደምታውቀው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቦንጋ ስትደርስ ደግሞ ሰላምታ እንኳ በካፊኛ ብትማር በር ይከፍትልሃል።

መልስ፦ ባለ ጋራዡ

ጋሼ ስለ ማደሪያው በጻፉት ላይ የምጨምረው ስለሌለኝ ወደ መኪናው ልግባ። ወንድሜ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት ሊብሬውን ይመልከቱ። በገበያው ያሉት ብዙዎቹ ሃይሩፎች በንግድ ሰሌዳ፣ ማለትም በኮድ 3 የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ናቸው፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን ኮድ 2 የግል መኪና ነው። ወደ ግል ሲዛወር የሚከፈል ነገር እንዳለ፣ በተለይም መኪናው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ፣ ቀብድ ሳይሰጡ ያጣሩ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚሠራው ለዚሁ ጉዳይ ስለሆነ፣ ወንበር ነቅሎ አልጋ መግጠምን የመሰለ ለውጥ መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ ማስፈቀድ እንጂ ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ ቦሎ ሲከለከሉ መከራከር አያዋጣም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ የራስዎን ንብረት የሚሸፍን ውል ከገቡ ደግሞ መኪናው መኖሪያ መሆኑን ለመድን ድርጅቱ አስቀድመው ያሳውቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋው አልቀመስ ብሏልና፣ ከኪራይ ይረክሳል የሚለውን ስሌትዎን ደግመው ያስሉት።

ግንባታውን በተመለከተ፣ የጅማ አናጺዎች እጅ የተመሰገነ ቢሆንም ወፍራም ዋንዛ መኪና ውስጥ አያስገቡ፤ ክብደት ነው። ቀጭን ኮምፔርሳቶ በላሜራ ማዕዘን ተይዞ ይበቃል። ውኃ አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ጀሪካኖቹን ከወለሉ ሳይነሡ ከኋላው ጎማ ፊት ያስቀምጡ፤ ጣሪያ ላይ ከጫኑ የግቤን ጠመዝማዛ ሲወርዱ መኪናው ይወዛወዛል። ከዝናቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ከውስጥ የሚመጣው እርጥበት ነው፤ የተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እንፋሎት በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ በክረምት ፍራሹ ከሥር ይሻግታል። ከላይ የአየር መውጫ፣ ከጎን ትንሽ መግቢያ ይኑረው፤ ከፍራሹ ሥርም ሳንቃው አየር የሚያሳልፍ ርብራብ ይሁን።

ስለ መብራት ቁጥሩን ራሱን እንየው። 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ 8 ሰዓት ሲሠራ 480 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ አምፖል፣ ስልክና የኢንተርኔት መሣሪያ ሲጨመሩበት ወደ 600 ይጠጋል። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የተለመደ የአሲድ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ቢይዝም፣ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ስለማይጠቀሙበት የሚያገለግልዎ ያንኑ 600 ነው፤ የአንድ ቀን ሥራ ማለት ነው። በበጋ 200 ዋት ሶላር ይህን ሊተካ ይችላል፤ ሰማዩ በደመና ተከድኖ በሚውልበት በሐምሌና በነሐሴ ግን አይተካም። ስለዚህ ይህን ከመኪናው ባትሪ ሌላ የሆነ ሁለተኛ ባትሪ ከመኪናው ዲናሞ ጋር በሪሌ፣ ማለትም ሞተሩ ሲጠፋ ሁለቱን ባትሪዎች በሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ያገናኙት፤ በ30 አምፔር ሁለት ሰዓት ቢሞላ ከ700 ዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል። ሪሌ ካልገባበት ግን ሌሊት የሠሩበት ባትሪ ጠዋት ሞተር አያስነሣም።

በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም፦ በመኪናው ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ። ጅማ ላይ ሆኖ ቡና አለማፍላት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ እንቅልፍ እያስመሰለ ይገድላል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግም መተማመኛ አይሆንም። ምድጃው ከደጅ ይሁን፤ ቡታጋዝም ቢሆን በሩ ተከፍቶ ይሠራበት፣ ሲተኙም ሲሊንደሩ ከራሱ ይዘጋ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ የተመለሰች

ወንድሜ፣ አሜሪካ ሳለሁ ለተወሰነ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር በቫን ኖሬአለሁና ከቪዲዮው ጀርባ ያለውን ልንገርዎ። እዚያ ይህ ኑሮ የሚሠራው ሰዎቹ ደፋሮች ስለሆኑ ሳይሆን አገልግሎቱ ተዘርግቶ ስለቆየ ነው። በምዕራቡ ክፍል በፌደራል መንግሥት የሚተዳደር ሰፊ መሬት አለ፤ በብዙው ቦታ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነፃ መስፈር ይፈቀዳል፣ ከዚያ በኋላ መልቀቅ ግዴታ ነው። የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚደፋበት ጣቢያ በካርታ ላይ ተመልክቶ ይገኛል። ቋሚ ቤት የሌላቸው ብዙዎች ደብዳቤያቸውን የሚቀበልላቸው ድርጅት ይዘው አድራሻቸውን በደቡብ ዳኮታ ግዛት ያስመዘግባሉ። ይህ ሁሉ እያለ እንኳ የከተማ ፖሊስ ሌሊት አንኳኩቶ የሚያስነሣው ሰው ብዙ ነው።

እዚህ ከእነዚህ አንዱም ስለሌለ፣ ቤቱን ጨርሰው እንዳይለቁ እመክራለሁ። ሰፊውን ቤት ትተው በጅማ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ይያዙ፤ የነዋሪነት መታወቂያ የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ የፋይዳ ቁጥርዎ የትም ቢሄዱ የማይለወጥ ቢሆንም የቀበሌውን ጉዳይ አይፈታም። ታመው ሊተኙ ይችላሉ፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ሊቆይ ይችላል። ሴት ቢሆኑ ደግሞ ምክሬ ከዚህም የጠነከረ ይሆን ነበር፤ ብቻዋን በመኪና የምታድር ሴት ከሌባው በፊት የምትታገለው ከወሬው ጋር ነው፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው ግቢ ለእሷ ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። እናትዎም አልተሳሳቱም፤ ሰው ይላል።

ጠያቂ፦ የጊንጆው ተከራይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ የሰርቪስ ክፍሉ ሐሳብ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ክፍሉንም፣ የየከተማውን ግቢ ክፍያም፣ የመኪናውንም ወጪ ስደምረው ከአሁኑ ኪራይ ይበልጣል። ጋሼ፣ በግቢዎቹ የሚከፈለው በሌሊት ነው ወይስ በወር መዋዋል ይቻላል?

መልስ፦ ጡረተኛው ሾፌር

በሌሊት ነው፤ በወር መዋዋል ግን የሚከለክል የለም፣ በተለይ ጠዋትና ማታ እዚያው ከበላህ። በእኔ አስተያየት እህታችን ያለችውን ክፍል መከራየት አይጠበቅብህም። እናትህ ጅማ ካሉ አድራሻህ የእናትህ ቤት ይሁን፤ በቀበሌው ደንብ መሠረት ቤተሰብ ሆነህ ተመዝገብ፣ ክረምቱን መኪናህን በግቢያቸው አቁመህ ከእሳቸው ጋር ክረም። ወጪው ይበልጣል ያልከው ግን እውነት ነው፤ ለመቆጠብ ብለህ ከሆነ አትግባበት፣ መንገዱን ወደኸው ከሆነ ግን ዋጋው ይህ ነው።

መኪናውን ሳትገዛ በፊት አንድ ነገር አድርግ። በጥቅምት ከአንድ የምታውቀው ባለ ሚኒባስ ጋር በኪራይ ተስማማና ወንበሩን ሳትነቅል ፍራሽ ዘርግተህ አጋሮ አንድ ግቢ ውስጥ ሰንብት። ላፕቶፕህን እዚያው ክፈት፤ ኔትወርኩ ቀን ከሌሊት እንዴት እንደሚሆን፣ የቡና መኪኖች ከንጋቱ በፊት ሞተር ሲያስነሡ እንቅልፍህ ምን እንደሚሆን ታየዋለህ። ለግቢው የምትከፍለውን ደረሰኝ ተቀበል፣ ዘበኛውንም ለብቻው አትርሳው።

መልስ፦ ባለ ጋራዡ

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ለሙከራው ሁለተኛ ባትሪ ከእኔ ዘንድ በውሰት ይወስዳሉ፤ ሪሌውን ግን በተከራዩት መኪና ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልገጥምም።