ፓድሬ ፒዮን አባቴ ብዬ ብይዛቸው ኑዛዜ ይቀርልኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካቶሊክ ነኝ፤ ከተናዘዝኩ ግን ቆይቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ቄስ ፊት መቅረብ ያሳፍረኛል። ሰሞኑን የጣሊያናዊውን ቄስ፣ የቅዱስ ፓድሬ ፒዮን ታሪክ ሳነብ ልቤ ወደዳቸው፣ ብዙ መንፈሳዊ ልጆች እንደነበሯቸውም አየሁ። እኔም አባቴ ብዬ ብይዛቸው ይቻላል? ምዝገባ ነገር አለው? ኃጢአቴን በጸሎት ለእሳቸው ብነግራቸውስ አይበቃም?

መልስ 1፦ ምን ምዝገባ አለው፣ «አባት ሁኑኝ» ብለህ መጸለይ ነው። ኑዛዜው ግን አይቀርልህም። ቅዱሳን ያማልዳሉ፤ «ይፍታህ» የሚልህ ቄሱ ነው። ደግሞ ከኑዛዜ ለማምለጥ ፓድሬ ፒዮን መምረጥህ አሳቀኝ! ሰውየው እኮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ኑዛዜ ሲሰሙ ነው። እሳቸው ይኖሩበት ወደነበረው የጣሊያን ከተማ፣ ሳን ጆቫኒ ሮቶንዶ ድረስ ሄዶ ተራ የጠበቀውን ሰው እንኳ፣ ከልቡ ካልተጸጸተ ሳይፈቱት ይመልሱት ነበር።

መልስ 2፦ መንፈሳዊ ልጅነቱ እኮ ሥራም አለው። ፓድሬ ፒዮ በመንፈስ ለሚመሯቸው ይሰጡት የነበረው ምክር ከባድ ነበር፦ በየሳምንቱ ኑዛዜ፣ በየቀኑ ቁርባን፣ መንፈሳዊ ንባብ፣ አስተንትኖ፣ ኅሊናን መመርመር። ሁሉንም ባንዴ ልያዝ ካልክ ቶሎ ትተወዋለህ። ከመጨረሻው ጀምር። ማታ ስልክህን አስቀምጠህ ቀኑን ከጠዋት አንስተህ አስበው፤ ማንን አስቀየምክ፣ የቱ ጋ ዋሸህ፣ ምን ማድረግ ሲገባህ ዝም አልክ። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1931 ከቫቲካን በመጣ ትእዛዝ ሕዝብ ፊት መቀደስና ማናዘዝ ተከልክለው እስከ 1933 ብቻቸውን ነው የቀደሱት። ያውም ጥፋታቸው ሳይታወቅ። እንዲህ የታዘዘ አባት ይዘህ ከቄስ መሸሽ አይሄድም።

መልስ 3፦ ለእኔ ፓድሬ ፒዮ ቁጡ ናቸው፣ ይከብዱኛል። ቅዱስ ዮሴፍን ነው የያዝኩት። የአቪላዋ ቅድስት ቴሬዛም አባቷ አድርጋ ይዛው ነበር። በወንጌል አንድም ቃል ሲናገር አይሰማም፤ መልአኩ በሕልም ይነግረዋል፣ ተነሥቶ ያደርጋል። ፖፕ ፍራንቸስኮስም ጠረጴዛቸው ላይ የተኛ ዮሴፍ ምስል ነበራቸው፤ ችግር ሲገጥማቸው ወረቀት ላይ ጽፈው ከሥሩ ያስቀምጡ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ማኒላ ላይ ራሳቸው ተናግረዋል። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጣል።

ጠያቂ፦ እሺ ገባኝ፣ ማምለጫ የለም ማለት ነው። የማያውቁኝ ቄስ ጋ ሄጄ ብናዘዝስ ይቆጠራል?

መልስ 1፦ በደንብ ነዋ። በቤተክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖና 991፣ ሥልጣን ያላቸውን የፈለግካቸውን ቄስ መምረጥ ትችላለህ። የሰሙትንም ለማንም አይናገሩም። መጋረጃ ወይም ወንፊት ካለው ከጀርባው ተንበርከክ። «አባ፣ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ከየት እንደምጀምር አላውቅም፣ ይርዱኝ» በላቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው እየጠየቁ ይመሩሃል።